ያልተቀባች መስላ

ማርቆስ መናኸሪያ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
አንድ ወንበር አለኝ፣ ፊቱ ወደ ፀሐይ።
አምፖል አላምንም እኔ፤ አምፖል ይዋሻል፤
በአምፖል ያማረ ፊት ደጅ ሲወጣ ይሸሻል።

በሰኔ ማለዳ አንጓች ወደኔ መጣች፣
ከቢቸና ገበያ፣ ሚዛን ያላዛባች፣
እህል ነጋዴ ናት፤ ሌሊት ተነሥታ
ከጆንያ ጋር ስትናጥ፣ ሳትተኛ ላፍታ።
«ልጄ ትመረቃለች፣ ከሰዓት እዚያ ነኝ፤
ቀቢኝ፤ ግን ማንም ሰው ‹ተቀባች› እንዳይለኝ።
ይችን ደግሞ» አለች፣ መንጋጋዋን ዳብሳ፣
«አጥፊልኝ ንቅሳቴን፣ ሰው ፊት እንዳላንሳ።
ጓደኞቿ የከተማ ልጆች ናቸው።»

ዝም አልኩ። ሥራ ነው።

ጥቁሩን እርሳስ ተውኩ፤ ቡናማውን ቀረጽኩ፣
ከሽፋሽፍቷ ሥር ነጥብ ነጥብ ጣልኩ፤
መስመር አላሰመርኩም፤ መስመር ያሳብቃል።
ቅንድብም በጭረት ነው፣ አንድ ባንድ ይበቅላል፣
የሳሳው ጋ ብቻ፤ የሞላው ይበቃል።
ከጉንጯ አጥንት በታች፣ ጥላ በሚያርፍበት፣
ጠየም ያለ ዱቄት በጣቴ ነካሁበት፣
ግማሹን ጠረግሁት።
ከቀረውም ደግሞ ግማሹን ጠረግሁት።

ንቅሳቱ ቀረኝ፦ ከጆሮዋ ሥር ወጥቶ
አገጯን የሚዞር፣ ሰማያዊ ሰንሰለት፣
መስቀል መስቀል ያለው።
ግራውን ሸፈንኩት፤ ቀኙ ቀረ እንዳለ።
ውጭ ባጃጅ ጮኸ፤ ረዳት «ባሕር ዳር!» አለ።
መስታወቱን ይዛ ፊቷን አዟዟረች፣
ግራ፣ ቀኝ፣ ደግሞ ግራ፤ እንደ ጤፍ መዘነች።
«ይኼኛውስ ማነው?» አለች፣ ግራውን ጠቁማ።

እኔም ያን ጊዜ አየሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ
በዱቄት የማስሰውን የመንጋጋ መስመር
አንዲት የሰፈር ሴት ስላው ኖሯል ድሮ፣
በእሾህና ጥላሸት፣ ልጅቷ እያለቀሰች።

በዘይት፣ በጥጥ ጠረግሁ፣ ቀስ ብዬ፣ አድርጌ፤
ሰንሰለቱ ወጣ ከዱቄቱ ግርጌ።
ዙሪያውን ቆዳዋን ትንሽ አፈካሁት፤
እሱን ግን አልነካሁ፤ እንደ ጥንቱ ተውኩት።

መቀነቷን ፈታች። ሂሳቡን ነገርኳት።
«ምኑ ታየና?» አለች፤ ሳቅ ግን አመለጣት፤
ቆጥራ ከፈለችኝ፣ አንድ ብር ሳይጎድል።

ማታ፣ ወደ ቢቸና መኪና ስትጠብቅ፣
አንገቷን አስገባች በበሬ ስንጥቅ፤
«ልጄ ሳመችኝና ምን አለች መሰለሽ?
‹እማ፣ ዛሬስ እንቅልፍ የጠገብሽ ትመስያለሽ።›»