ካልሲ

ሚያዝያ ገባ ቢሉት በረዶው መች ሰምቶ፣
እንደ ክፉ እንግዳ ተኝቷል ሰንብቶ።
ሱ ፎልስ፤ ከተከራየነው የሉተራን ምድር ቤት፣
ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር፣ ከተቆለለ ወንበር ፊት፣
ጸሎተ ሐሙስ ነው።
ውኃው ሞቋል በሰማያዊ ባልዲ፤
የወይን ቅጠል ሰፎበታል።

እኔ ጌጡ ነኝ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አሳማ የምበልት፣
አንዴም ሳልቀምሰው ከደሞዙ የማወጣ አሥራት።
ስሜ ከምእመናን ፊት ሲነበብ በጩኸት፣
«አቶ ጌጡ፣ ለሕንፃው፣ ሁለት ሺህ!» ሲሉ፣
አንገቴን የደፋሁት
ትሕትና መስሏቸው፤
ፈገግታዬን ነበር የምደብቅበት።

ስግደትም አውቅ ነበር።
አንድ ዐይኔ ከመሬት፣ አንድ ዐይኔ ከሰው፣
ማን ቀድሞ እንዳረፈ፣ ማን እንደጨረሰው።
እግዜር ባይቆጥርልኝ እኔ እቆጥራለሁ፣
አንድ ከጎደለ ማታ እደግማለሁ።

ከዚያ ትከሻዬ።
ጥቅምት ላይ መንጠቆው አመለጠ፤
እንደ ደረቅ እንጨት «ቀጭ» አለ።
ሐኪሙ ፎቶ አየ፤ ፋብሪካው ወረቀት ሰጠኝ፤
ስንዱ ሁለት ፈረቃ ገባች።
የቀረው ታሪክ አጭር ነው፤
ረጅሙ የቤት ኪራይ።

ቅዳሜ ከምግብ እደላው ሰልፍ ቆምኩ፣
ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አወረድኩ።
አዳዩ ዮናኤል ነው፤
ያ «ሱሪህን ከፍ አድርግ» ብዬ
በሰው ፊት የገሠጽኩት።
ምስር፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ አንድ ጣሳ ዱባ፤
«ጋሼ፣ ይከብድዎታል» ብሎ ከመኪናዬ አስገባ።
«እግዜር ይስጥልኝ» ማለት
እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም፤
ሩዙ ይሻል ነበር።
ሳልናገር ነዳሁ።

ዛሬ ሰው ሁሉ ይሰግዳል፤ ምንጣፉ ያቃስታል።
እኔ ክንዴን ታዝዬ ከግድግዳው ሥር
አንገቴን ብቻ እሰብራለሁ።
ስንት እንደሆነ አላውቅም።
ቁጥሩ ጠፋብኝ፤
እናም ቀለለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ቀሲስ ኅሩይ ፎጣ ታጥቀው መጡ፤
ሌሊት የአውሮፕላን ማረፊያ ወለል የሚወለውሉ፣
መዳፋቸው በበረኪና የተሰነጣጠቀ።
«እግርህን» አሉኝ።
ጫማዬን ሳወልቅ፣
አውራ ጣቴ ካልሲውን ቀዶ
እንደ አልዓዛር ከመቃብሩ ወጥቶ ቆሟል!
ልሸሽገው ታገልኩ፤
እርጥብ ካልሲ በአንድ እጅ አይወልቅም።
ቀሲስ ተንበርክከው ጎተቱልኝ።
አዩት።
ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣
«አይዞህ፣ የኔስ ሁለቱም ወጥተዋል» አሉ።

በሰሞነ ሕማማት!
ሰላምታ እንኳ በማይሰጥበት ሳምንት
ሳቄ መጣ።
ከንፈሬን ነከስኩ፤ ጉንጬን ነፋሁ፤ አልሆነም።
ከሆዴ ተነሥቶ የተሰበረውን ትከሻዬን ነቀነቀው፤
አመመኝ፤ እያመመኝ ሳቅሁ፤
እየሳቅሁ እንባዬ ወረደ።
ከጉልበቴ በታች የቀሲስ ጥምጣም ይንቀጠቀጣል፤
ዮናኤል ባልዲውን ይዞ ግራ ገብቶታል።
ሕዝቡ ያለቀስን መስሎት
አብሮን አለቀሰ።

ውኃው ሞቅ ያለ ነበር።
ጴጥሮስ ለምን እንዳንገራገረ
እዚያች ወንበር ላይ ገባኝ፤
እግር ማጠብ መች ያስጨንቃል፣
እግርን መስጠት ነው እንጂ።

ኪራዩ አልተከፈለም። ትከሻዬም አልዳነ።
ከውጭ የመኪናዬን መስታወት
በረዶ ሸፍኖት አገኘሁ፤
ዮናኤል በአሮጌ የአውቶቡስ ካርድ ይፍቀዋል፤
ሱሪው ዛሬም ወርዷል።
«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አልኩት።
ወጣልኝ! እንዲሁ፣ እንደ ትንፋሽ።
አማርኛው ስብርብር ያለ ነው፤
ትንሽ አሰበና፣
«አብሮ... ይስጠን» አለ።

ሞተሩን አስነሣሁ።
በጫማዬ ውስጥ አውራ ጣቴ
እርጥብ ነው፤ ይበርደዋል፤
ደስ ብሎታል።