እርማት

መጋቢት ሲጋመስ፣ ከማተሚያችን በር
ሰማያዊ በርሜል ቆመ እንደ ወታደር፣
ሳሙናው በካልሲ ታስሮ ተንጠልጥሎ።
ጋሽ ቀፀላ ዘበኛው፣ ዱላውን አግልሎ፣
ነጭ ሽጉጥ ያዘ፣ ግንባር የሚለካ፤
ለሁላችን «ሠላሳ ሦስት»፤ በድን ነን ለካ!

ሌት ተቀን አተምን። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣
በየባንኩ መስታወት የኛ ቃል ተሰቅሎ።
አራሚው እኔ ነኝ። አንድ ሌሊት በድንገት
«እጅ ይታጠብ» ያልነው፣ በአንድ ፊደል ስህተት፣
«እጅ ይታጠፍ» ብሎ ከማሽን ሲወጣ
ደረስኩበት በቀይ፣ አሥር ሺው ሳይመጣ።
ሽብሬ አጣፊዋ «ለኔ ልክ ነው» አለች፤
ማጠፍ ነው እንጀራዋ። ከጭምብል ሥር ሳቀች።

ከዚያ ክረምት ገባ። ከዚያ፣ ምን ይባላል፣
ፍርሃትም እንደ ሽሮ ሲደጋገም ይሰለቻል።
ጭምብሉ ከአፍንጫ ወደ አገጭ ወረደ፣
ከአገጭ ወደ ክንድ፣ ከክንድም ኪስ ሄደ።
ሁለት ሜትር ብለን ያሰመርነው ቢጫ
ሆነ ለወረቀት ጋሪ መረገጫ።
ማሽኑ አራት እጅ ይሻል፤ ርቀት ከየት ይምጣ?
መራራቁ ቀርቶ፣ ደመወዝ ባልታጣ!

ጋሽ ቀፀላ ብቻ፣ ከወፍ ጋር ሲነቃ፣
ውሃው ሲጠፋበት በሰፈር ፈረቃ፣
ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ፣ ሁለት ጀሪካን
ተሸክሞ ሞላው። እኛ፦ «ኧረ ይብቃን፤
በሽታው አልፏል እኮ፣ ሬዲዮም ዝም አለ።»
ቀና ብሎ አየን፤ ቧንቧውን አስተካከለ።
«ቢሄድማ» አለን፣ «ይኸው ነው መውጫው በር፤
ሳይሰናበተኝስ መች ይወጣ ነበር?»

በጥር ሽብሬን ሳል ያዛት፤ «ብርድ ነው» ተባለ።
በኦክስጅን ወረፋ ሳምንት ተንከባለለ።
(ከጎኗ ቆሜ ሳወራ፣ ጭምብሌ በኪሴ፣
ከማን እንደመጣ ማን ያውቃል? ምናልባት ከራሴ።)
እጇ ታጠፈ። ያ የሳቅንበት፣
ያረምኩት ስህተት…
እጅ አጣጥፈን ኖርንበት።

ዛሬ በሩ ላይ ያለው ወረቀት፣ ፀሐይ በልቶት፣
«እጅ ይታጠ» ይላል፤ መጨረሻው ጠፍቶት።
ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ። «ብ» ጻፍኩ፣ አደመቅኩት።
ከጋሽ ቀፀላ እጅ አንዱን ጀሪካን ወሰድኩት፤
ዳገቱ ላይ ውሃው ጫማዬን አራሰው።
ሽጉጡን ደገነ፣ ሳይስቅ፣ ልክ እንደማያውቀኝ ሰው፦
«ሠላሳ ሦስት። ታጠብና ግባ።»