ዜሮ ያልንበት ቀን

ቀለሙን ላጥኩለት በብርጭቆ ወረቀት፣
ብርማው ቆዳ እስኪወጣ፣ እስኪቀር ራቁት፤
በአሴቶን ወልውዬ፣ ትንፋሼን ቋጥሬ፣
አንዲት ጠብታ ሙጫ በመርፌ ቆንጥሬ፣
ከጥፍር የምታንስ ባለ ሽቦ ቅጠል
ለጠፍኩ ከወገቡ፣ እንዳትጣመም፣ እንዳትነቀል።

የለስላሳ ጣሳ ነው። ሙሉ። ያልተከፈተ።
ግድግዳው ከወረቀት እምብዛም አይወፍርም፤
ሲጨብጡት ግን ድንጋይ፣ ለጣት አይበገርም።

አባቴ ከላቦራቶሪው ጥግ፣ በርጩማ ላይ፣
ባርኔጣው ከጉልበቱ፣ ዓይኑ ከእጄ ላይ።
ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት
ቦይለር ጠባቂ ነበረ፣ የእንፋሎት ጎረቤት።
መዳፉን በጨርቅ ጠቅልሎ ሆዷን ይዳስሳል፤
«ዛሬ አኩርፋለች» ይላል፣ ወይም ዝም ይላል።
ጌጁን የሚያየው ኋላ ነው፣ ለመዝገቡ ሲባል፤
መርፌውም እሱ ካለው ዘንድ ቆሞ ይገኛል።

ለተማሪ የምለውን ለሱም ደገምኩለት፦
«ግፊቱ በየአቅጣጫው እኩል ቢገፋውም
ቆርቆሮው ጫናውን እኩል አይሸከምም።
የዙሪያው ውጥረት ከቁመቱ እጥፍ ነው፤
ለዚህ ነው ሲፈነዳ በቁመት የሚተረተረው።»

«እንደ ባቄላ እሸት» አለ።
ቆየና፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣
«አይቻለሁ» አለ።

ማንበቢያውን ዜሮ ላይ አስቀመጥኩት።
መብራት ሄደ።
ጄኔሬተሩ አስነጠሰ፣ አስነጠሰና ተወ።
ከጣና የመጣው ንፋስ የደንገል ሽታ ይዞ
መጋረጃውን ነፋው፣ መልሶ አሟሸሸው።
ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጥን፣ እኔና እሱ፣
ጣሳውም በመካከላችን፣ ምንም ሳይተነፍስ።

መብራት መጣ። ስክሪኑ ነቃ። ዜሮ አለ እንደገና።
አባቴ ሳቀ። «ምኑ ነው ዜሮ?» አለና፣
«ታፍኖ የለም ወይ ውስጡ? ሙሉ አይደለም ወይ ገና?»

«መሣሪያው የሚያውቀው ካየው ወዲህ ያለውን ነው፤
ቀድሞ የተጫነውን ጭነት አይደለም የሚቆጥረው።
ሲገናኙ የነበረበትን ሁሉ ዜሮ ይለዋል፤
ምን ያህል ታፍኖ እንደኖረ ሲከፈት ይታወቃል።»

ቀለበቷን ሳብኩ። ጥሽ!
ቁጥሩ ቁልቁል ሮጠ፣ መቶ፣ አራት መቶ፣ ሰባት፤
ከዜሮ በታች ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ላይ ረጋ ድንገት።
ከሚሊዮን እጅ ነው ይሄ። ዓይን አያየውም።
ጣሳው መልኩ ያው ነው፣ አልከሳም፣ አላጠረም።
ባውራ ጣቴ ስነካው ግን
ጎደጎደ።

እኔ የተወለድኩት ከዚያ ሌሊት ወዲህ ነው፤
እናቴ ሁለት ጊዜ ጀምራ፣ ሁለቴም የዋጠችው።
ከቦይለሩ ክፍል ሁለት ገብተው አንድ የወጣበት ሌሊት።
የማውቀው አባቴ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣
በር ሲዘጋ አይጮኽም፣ ሰርግ ቤት አይጨፍርም፤
ሰፈሩ «እርጋታ እንደ ይርሳው!» ይላል።
እኔም እዚያ ላይ ነበር ዜሮ ብዬ የጀመርኩት፤
ከዚያ በላይ፣ ከዚያ በታች እያልኩ የቆጠርኩት።

ሲመሽ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን።
ጣሳውን ይዞታል፣ ሽቦው እንደተንጠለጠለ፤
«ገንዘብ ወጥቶበታል፣ አይደፋም» እያለ።
የዓሣ አስጋሪዎች መረብ ድንጋይ ላይ ተሰጥቷል፣
አንድ ይብራ አጠገቡ ቆሞ የራሱን ደረት ይፈትሻል።

ግማሹን ጠጣ።
«ባያብል ነበር ስሙ» አለ።
ውሃው መጣ፣ ሄደ፣ መጣ።
«ቫልቩ ጋ መቆም የኔ ተራ ነበር።»

ማስታወሻዬ ላቦራቶሪ ቀርቷል። ደግሞ ምን እጽፋለሁ?
ትከሻው ወርዶ እንደሆነ ለማየት ዞር አላልኩም፤
ዓይን አያየውም ብያለሁ።
የቀረውን አቀበለኝ።
ሞቋል። ጋዙ ወጥቷል።
ስኳር ስኳር ይላል።