የአፎቱ ማንጠልጠያ

በአቲኮካን ከተማ፣ በግንቦት አጋማሽ፣
በረዶው ከሐይቁ ገሸሽ ሲል፣ ሲሸሽ፣
የሄልሚ ካርቮነን ሱቅ ደወል ያቃጭላል፤
ሚስማር የሚገዛው ወደ ጥግ ይገፋል፣
ቢላዋ ፈላጊ ባንኮኒውን ይሞላል።
ከባንኮኒው ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ቆሜ
የሰው እጅ አነባለሁ፣ ከዓይኑ አስቀድሜ።

አንዱ ከቶሮንቶ በዝርዝር ይመጣል፣
ወረቀት ዘርግቶ በጣቱ ይቆጥራል፦
"ብረቱ እጀታው ውስጥ ግማሽ መንገድ ሄዶ
እንዳይቀር" ይለኛል፣ "እስከ ጫፉ ወርዶ
አንድ ወጥ ይሁንልኝ። ማጠፊያ አያሻኝም፤
መታጠፍ የለመደ መሰበር አያጣም።
የጀርባው ማዕዘን ስል ይሁን፣ አይለስልስ፤
የእሳት ዘንጉን ሲፍቅ ብልጭታ እንዲያፈስ።"
ርዝመቱስ? "አንድ ስንዝር።" እጁን ይዘረጋል፤
የእሱ ስንዝር ግን ጎራዴ ያክላል።

ነርሷ ማርጎ ደግሞ በጓንቷ ትጨብጥና፣
"ይሄ ያሟልጫል፤ ዓሣ ነው" ትልና
ትመልሰዋለች። ሌላ ታነሣለች።
ዓይኗን ጨፍና፣ እንጨት እየፋቀች፣
ታዳምጠዋለች።

ሁለቱ ቡሻርዶች ወንድማማች ናቸው፤
በየዓመቱ ግንቦት ይኸው ነው ጠባቸው፦
አንዱ "ዝገት አይንካው፣ ውሃ አይድፈረው!" ሲል፣
ሌላው "ይዛግ፣ ተወው! ዘይት ያነሣዋል፤
ወንዝ ዳር ባገኘሁት ድንጋይ የሚሳል፣
የማልለምነው ብረት ለእኔ ይሻለኛል።"
ተጣልተው ይገዛሉ፤ ተጣልተው ይወጣሉ፤
ማታ ባንድ ድንኳን ጎን ለጎን ይተኛሉ።

እኔ ለሁሉም እስማማለሁ፣ በየተራ።
"ሁለት ጎን የሚቆርጥስ ሻጭ ነው" ትላለች ሄልሚ፣
መጋዘን ውስጥ ሆና፣ ከሳጥኑ ከአቧራው ጋራ።

ባለፈው መስከረም ግን፣ ዝናብ በጣለ ቀን፣
ዶሪን ማክፌል ገባች፣ ይዛ ምርኩዟን።
ፖስታ ታድል የነበረች፣ አሁን ጡረታ የወጣች።
ከተማው ባትሪ ይዞ ሦስት ሌሊት ሲፈልጋት
ጫካው ሆድ ውስጥ ነበረች፤
ቁርጭምጭሚቷ ወልቆ፣ ታንኳዋ ተገልብጦ፣ ክብሪቷ ርሶ።
ከዚያ ወዲያ ያለውን እሷ አልነገረችኝም።
ቢላዋው ነገረኝ።

ባንኮኒው ላይ አኖረችው።
ጫፉ ትንሽ ጎድሏል፦ ቆርቆሮ ከፍታበታለች።
ጀርባው በዱላ ተቀጥቅጦ ጠባሳ አውጥቷል፦
የራሰ ግንድ ሰንጥቃበታለች፣ ደረቅ ልቡን ፍለጋ።
ማዕዘኑ ላይ ጥቁር ብናኝ፦
ብልጭታ፣ ደግሞ ብልጭታ፣ ምናልባት መቶ ጊዜ።
እጀታው ሥር የተሰካ ሰማያዊ ክር፦
ሸሚዟን ለእግሯ ማሰሪያ ተርትራዋለች።
ስለቱን ጥፍሬ ላይ ባሳርፈው
አልተንሸራተተም። ነከሰ።

"እንኳን አተረፈሽ" ልል አፌን ስከፍት፣
"ማንጠልጠያው!" አለች። "የአፎቱ ማንጠልጠያ!
ስፌቱ ለቀቀ። ይሄም ዕቃ ተብሎ ይሸጣል?"
ተቆጥታ ነበር፤ እውነቷን።
እጄ ላይ ብቻ ስለቆየ ነው እንጂ
ሐይቁ ውስጥ ይቀር ነበር፣ እኔም ከሱ ጋር፣ አለች፤
ከዚያ ዝም።

በእኔ ቋንቋ ስለት ሁለት ነው፦
አንዱ ብረት ላይ ይተኛል፣
አንዱን ሰው በጨለማ፣ "ካወጣኸኝ" ብሎ ይገባዋል።
በየትኛው እንደዳነች አልጠየቅኋትም።

ወፍራም መርፌ አወጣሁ፣ በሰም የታሸ ክር።
እጥፍ አድርጌ ሰፋሁት። አራት ዶላር።
ሳንቲሙን ሳይቀር ቆጥራ ከፈለች።
ቀበቶዋ ላይ አሰረችው፣
ምርኩዟን ለመደርደሪያው አስደገፈች፣
በደህናው እግሯ፣ እዚያው ሱቁ መሐል፣ ሁለቴ ዘለለች።
አልወደቀም።
"አሁን ቢላዋ ሆነ" ብላኝ ወጣች።

በማግስቱ ሌላ ሰው መጣ፣ ሌላ ዝርዝር ይዞ።
ስለ ብረቱ ሰማሁት፣ ስለ ጀርባው፣ ስለ ስንዝሩ።
ሲጨርስ
ባዶ አፎት አቀበልኩት።
"እስቲ ይቺን" አልኩት፣ "በኃይል ጎትት።"