የሌሊት ፈረቃ

በላስቲክ ከረጢት ውኃ አንጠልጥሎ፣
ሙዘይን ሸጠልኝ፣ መርካቶ ጥግ ውሎ።
«ፕሌኮ ነው ስሙ፤ መስታወት ይልሳል፣
ምግብ አይጠይቅም፣ ራሱን ይችላል።»
ደስ አለኝ፤ ማን ጠልቶ
ያለ ደመወዝ የሚያጸዳ፣ ቤቱ ገብቶ?

ጣት የሚያህል ነበር፣ ጠቃጠቆ ቆዳ፣
አፉ ከሆዱ ሥር፣ ጥሩር ለባሽ እንግዳ፤
ከወርቃማዎቹ ዓሦቼ መካከል
የማገዶ ስንጥር የወደቀ 'ሚመስል።

ቀን ሙሉ ተኛ፤
ከፊልተሩ ኋላ፣ ጥላ ውስጥ ተለጥፎ ተኛ።
ሂክመት ልጄ መጥታ መስታወቱን መታች፣
«አባዬ፣ ሞቷል መሰለኝ» አለች።
ጅራቱን ነቀነቀ፤ መልሶ ዝም አለ።
«ሰነፍ ነው» አልኳት፤ «እዚህ ቤት ሌላም አለ።»
ነዚፍን ማለቴ ነው፣ ታናሽ ወንድሜን፣
ጓሮ ክፍል ውስጥ እስከ አሥር ሰዓት የሚያንኮራፋውን።

ሦስት ሳምንት አለፈ። መስታወቱ ጠራ፤
ኩሱ ግን እንደ ጥቁር ክር አሸዋው ላይ ተዘራ።
ጽዳት ብዬ የገዛሁት
ከሁሉም አብልጦ ሲያቆሽሽ አየሁት።
ሆዱም ሰረጎደ፣
ዓይኑም ወደ ውስጥ ሄደ።
«ዓሣ ግማቱ ካናቱ» ሲባል ሰምቼ ነበር፤
የዚህኛው ግን ከኔው አናት ነበር።

ሐምሌ፣ አንድ ሌሊት፣ መብራት ሄደ።
ፓምፑ ጸጥ፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ወረደ።
የስልኬን ባትሪ አብርቼ ጎንበስ ስል፣
ያ ድንጋይ የመሰለው ሽቅብ ተተኮሰ፣
ከላይ አንድ ጉንጭ አየር ነጥቆ ተመለሰ።
ከዚያም ጭርጭር፣ ጭርጭር፣
መስታወቱን ሲፍቅ፤
እኔ ተኝቼ የማላየው ሥራ
በጨለማ ሲጠናቀቅ።

ሲነጋ ነዚፍ ገባ፣ ካፖርቱ እየተንጠባጠበ፣
እኔን ሳያይ ወደ ገንዳው ቀረበ።
«ርቦታል ይሄ ልጅ» አለ።
«በየንጋቱ አየዋለሁ። ቀን የሚተኛው
ሌሊት ሲሠራ አድሮ ነው።»
ድምፁ ውስጥ ቂም አልነበረም፤
ጆሮዬ ግን ያኔ እንደጋለ ነው፣ ዛሬም አልበረደም።

በማግስቱ፣ ከሚጠብቀው የጣውላ መጋዘን
የበርጩማ እግር አመጣልን፣
ቫርኒሽ ያልነካው፣ የጅማ በርጩማ፣
ጠራቢው ተሳስቶ ሰንጥቆት የጣለው።
ዘቢባ ድስቷን ሰጥታ አኮረፈች፤ ሦስት ቀን ቀቀልነው፤
እንዲያም ሆኖ ገንዳውን ሻይ አስመሰለው።
አፈ ሰባራ ገንቦ አጋደምን ለዋሻ፤
ዝኩኒ በሹካ ሰክተን እንሰጠው ጀመር ማታ ማምሻ።
የቧንቧውን ውኃ በበርሜል አሳድረን፣
ሽታው ሲወጣለት፣
በየሳምንቱ ሩቡን ቀየርን።
ጭርጭርታው ከመስታወት ወደ እንጨት ዞረ፤
ያቺን እግር ሲፍቅ፣ እንደ ጅሬን አናጢ፣
ሌሊቱን ሁሉ አደረ።

አሁን ዓመት ተኩል ሆነው። ክንዴን ያህላል።
ሲዞር በአፍንጫው አንዱን፣ በጅራቱ ሌላውን ግድግዳ ይነካል።
ጎረቤታችን አባ ዱራ፣ «ቦዬ ወስደህ ልቀቀው፣
ውኃው አይጠበው» አለኝ።
ነዚፍ ነው የመለሰው፦
«የቦዬ ዓሦች ምን በደሉን?
ለኛ ጫንቃ ሲከብድ፣ በነሱ ጫንቃ ልንጥለው?»

ትናንት ሜትር ይዤ ሳሎኑን ለካሁ።
ከሶፋው በቀር ቦታ የለም።
ሶፋውን ልሸጠው ነው።
ለነዚፍም መስኮት ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ፤
ምንም አላለም። እኔም ምንም አላልኩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው።
ሂክመት ኳሷን አቅፋ፣ በእግሯ ጣቶች እየረገጠች
በጓሮው በር አለፈች።
ሁለቱም ተኝተዋል።