አሥራ አንድ ሰከንድ

ኦቦ ዋቅቶላ መጡ ከቦኩ ተራራ ሥር፣
በማዳበሪያ ጆንያ ድንጋይ ተሸክመው፤
«ወርቅ አለው ይሉኛል፣ እስቲ ይመርመር»
አሉኝ፣ የአዳማን አቧራ ከጫማቸው አራግፈው።

ፈጨሁት።
ከአውራ ጣት በማትበልጥ ብልቃጥ ከተትሁት፣
ሰም ወደ ሞላበት በርሜል አወረድሁት።
የቸኮለ ኒውትሮን ድንጋይ አያናግርም፤
ሰሙ ያሰክነዋል፤
ሲሰክን፣ እንደ ማታ እንግዳ፣ በር ሳይመታ ይገባል፣
አስኳሉን ይነካል።
የተነካም ዝም አይልም።

ስክሪኑ ላይ ጋማው በየስሙ ቆመ፦
ማንጋኒዝ፣ ሶዲየም፣ አሉሚኒየም።
የወርቁ ሥፍራ ግን ሜዳ ነው፣ ምንም፤
አገዳው ታጭዶ ያለቀ የወንጂ ማሳ፣
ቀጥ ያለ፣ የከሳ።

አንድ ጫፍ ግን አለ፣ ቶሎ የሚሞት፣
በአሥራ አንድ ሰከንድ ግማሹ የሚጠፋ።
ብልቃጧን ይዤ ከበርሜል እስከ መቁጠሪያው
ስድስት እርምጃ ሮጥሁ፣ ደግሜ፣ ደጋግሜ፣
የካፖርቴ ቁልፍ ተበጥሶ እስኪወድቅ፣
ሳይጠፋ ልደርስበት።
አርባ ጊዜ ሮጥሁ።
ፍሎሪን ነበረ።

ለካ የማውቀው ነው፤
በልጅነቴ ከወንጂ ቧንቧ የጠጣሁት፣
ፎቶ ሲያነሡን ከንፈሬን ያስገጠመኝ።

«ወርቁስ?» አሉ።
«የለም፣ አባቴ» ብዬ፣ እንደ ልማዴ፣
ፈገግታዬን ሸፈንሁ በመዳፌ።
እሳቸውም ሳቁ፤
ባርኔጣቸው አፋቸው ጋ ሳይደርስ
አየሁት፣ ያንኑ ቡናማ፦
ሰሙ ከበርሜሉ፣ ወርቁ ከጥርሳችን።

ድንጋዩ የወጣው ጉድጓድ ሲቆፍሩ ነው፣
ለቤት፣ ለከብት።
ጆንያውን አጣጥፈው
በሩ ላይ ቆሙና፦
«ውኃውንስ ታዲያ ምን ላድርገው?»