ሳለች

በሌዋርደን ከተማ፣ ከቤተስኪያን ጓሮ፣
ቢላ ሲስል ኖረ ዊብረን፣ ድንጋይ አሽከርክሮ፤
የሥጋ ሻጭ ካራ፣ የልብስ ሰፊ መቀስ፣
የዓሣ አራጅ ስለት፣ ጠጕር እስኪበጥስ።
ጡረታ ወጣና እጁ ሥራ ቢያጣ፣
ሥዕል ልማር ብሎ ቅዳሜ ጧት መጣ።

«ይኸን ቅዳ» አለችው ሬንስኬ መምህርቱ፣
አራት መቶ ዓመት ያለፈው የጥንቱ፤
ባልና ሚስት ናቸው፣ የጨው ነጋዴዎች፣
ነጭ የአንገት ጥልፍ ያፈናቸው ሰዎች።
የሳላቸው ማን ነው? ስሙን አላኖረ፣
የሁለቱን መዳፍ አቆላልፎ ቀረ።

አረንጓዴ አፈር ከሥር ቢቀባቸው፣
ሦስት ሳምንት ሙሉ ሬሳ አስመሰላቸው።
«ገደልኳቸው» አለ።
«ታገሥ፣ ይነሣሉ፤
ቀይና ነጭ ሲያገኙ ነፍስ ይዘራሉ።»

ስለት የለመደ እጅ ጠርዝ ብቻ ያውቃል፣
ከንፈሩን እንደ ካራ አሹሎ ይጥላል።
«ከንፈር ጠርዝ የለውም» ትለዋለች መጥታ፣
በአውራ ጣቷ ገላ መስመሩን አጥፍታ፤
«ፊት የሚቆረጠው የት ላይ ነው? አሳየኝ።
ጥላ ነው፣ በጥላ የሚያልቅ።»
ዝም አለ። ጨርቅ አነሣ። እንደገና ጠረገ።

በጥር ማለቂያ ላይ ሁሉንም ጨረሰ፤
ጥልፉ ጥልፍ ሆነ፣ ጕንጩ ደም ለበሰ፤
ግን ጎን ለጎን ቆሙ እንደማይተዋወቅ፣
ካንድ ጣቢያ ባቡር እንደሚጠባበቅ።
ሬንስኬ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
ቆየች፣ ቆየችና፦
«ሁለት ሰው ሳልክ፣ ደግ።
ሥዕሉ ግን ሦስት ነው፤
በሁለቱ መሐል ያለውን ጨለማ
ባዶ ነው ብለህ ነው ጥቁር የደፋህበት?»

ሸራውን ቤት ወስዶ ማድቤት ጥግ አቆመ፣
እስኪመሽ አፈጠጠ፣ ምንም አልታየውም።

ቺትስኬ በሩ ላይ፣ ማንኪያ በእጇ ይዛ፣
የተርፔንታይን ሽታ ጕሮሮዋን ቢቧጥጣት
ሳለች።

አርባ ሦስት ዓመት የሰማው ሳል ነበር።
ዛሬ ግን ቀና አለ።
ከወንበሩ እስከ በሩ፣ ከእሱ እስከ እሷ ድረስ፣
የሁለት ክንድ አየር፣
ቡናማም ያልሆነ፣ ጥቁርም ያልሆነ፣
ሞቅ ያለ፣ የእንፋሎት፣ የልምድ፣ የኩርፊያ፣
ስንት ዘመን ሙሉ ያለ ስም የኖረ።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ድንቹ አረረ እኮ!»
«ይረር፣ ተይው» አላት፤ «እዚያው ቁሚ፣ ትንሽ።»

ነጋዴውና ሚስቱ ወዴትም አይሸሹ፣
አራት መቶ ዓመት መጠበቅ ያውቃሉ።
ዊብረን ንጹሕ ሸራ ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣
ከፊት ሳይሆን ዛሬ፣ ከመሐል ጀምሮ፣
እሷ ሳለች
ሳላት።